የሳንቲያጎ ጥቁር ማኅተሞች

የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብቶ የልጆች ቁርስ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት የቆመ እንግዳ ቀድሞ የሚያስተውለው የጎደለውን ነው። በብዙ አገሮች፣ ቦሌ ባሉት ሱፐርማርኬቶች ሳይቀር፣ ከጣፋጭ ኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ እየሳቀ ልጆችን የሚጣራው ነብር እዚህ የለም። የምርቱ ስም አለ፣ ካርቶኑም አለ፤ ነብሩ ግን በሕግ ተነሥቷል። ከካርቶኑ ፊት ለፊት፣ ማንም ሊያልፈው በማይችልበት ቦታ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት ታትሟል። ቅርጹ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው የመንገድ ላይ የ«ቁም» ምልክት ነው።

ቺሊያውያን ማኅተም ይሉታል። በጥቁሩ መደብ ላይ በነጭ ፊደል የሰፈረው አጭር ነው፦ «ስኳር የበዛበት»፣ «ካሎሪ የበዛበት»፣ «ሶዲየም የበዛበት»፣ «የሚረጋ ስብ የበዛበት»። ከሥሩ «ጤና ሚኒስቴር» ይላል። አንድ ዕቃ እንደ ጥፋቱ አንድም፣ ሁለትም፣ አራትም ሊሸከም ይችላል። ከመደርደሪያው አንድ የአጃና የማር ብስኩት አነሣሁ። ማሸጊያው አረንጓዴ ነው፤ ተራራና የአጃ ዛላ ተሥሎበታል። አገሬ ቢሆን «ይህስ ለጤና ነው» ብዬ ለልጅ የምገዛው ዓይነት ነው። ሁለት ማኅተም ነበረበት፤ የስኳርና የካሎሪ። ከጎኑ የነበረው ጨው የሌለበት ለውዝ በተራ ላስቲክ የታሸገ ነው፤ ማኅተም የለውም። አጠገቤ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ስትገዛ ልጁ ዕቃውን አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። ማንበብ የጀመረ አይመስልም ነበር። ጥቁሩን ለመቁጠር ማንበብ አያስፈልግም።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያረፍኩት ኙኞአ በሚባል፣ መንገዶቹን ትልልቅ ዛፎች በሚያጠሉበት ሰፈር፣ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ቤት ነው። ልባቸው ሰፊ ነው፤ ገና በሁለተኛው ቀን «ልጄ» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም በልቤ እማማ እላቸው ነበር። ቺሊዎች እራት እምብዛም አይበሉም። ወደ ማታ ግድም ሻይ ይፈላል፤ ማራኬታ የሚሉት ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ዳቦ ይቀርባል፤ የተፈጨ አቮካዶ፣ አይብና ካም ይደረደራል። ቺሊ በዓለም ላይ ብዙ ዳቦ ከሚበላባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በለስላሳ መጠጥም ቢሆን ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። ሻይ ላይ ስለ ማኅተሞቹ ሳነሣባቸው ግን እማማ የጀመሩት ከረሃብ ነው፤ እንግሊዝኛ የምታውቀው ልጃቸው ታስተረጉምልኝ ነበር።

በልጅነታቸው በሚያውቁት የድሆች መንደር የሕፃን ሬሳ የያዘ ትንሽ ነጭ ሣጥን ብርቅ አልነበረም። ይህ የእሳቸው ትዝታ ብቻ አይደለም። በ1960 ገደማ ቺሊ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 120 ያህሉ አንደኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር። ያንን ታሪክ የቀየሩት በአብዛኛው ሐኪሞች ናቸው። ሳልቫዶር አየንዴ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጤና ሚኒስትር ነበር፤ ሙያውም ሕክምና ነው። በ1970 ሥልጣን ሲይዝ ከገባቸው ቃሎች አንዱ ለእያንዳንዱ ሕፃን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ነው። ፈርናንዶ ሞንከበርግ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ደግሞ በ1970ዎቹ ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት እስኪያገግሙ የሚታከሙባቸውን ማዕከላት አቋቋመ። የወተት ዱቄቱ በየጤና ጣቢያው ይታደላል፤ እናቶች ሕፃናቱን ያስመዝናሉ፤ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ይመገባሉ፤ የቧንቧ ውሃና መጸዳጃ በየሰፈሩ ይዘረጋል። መንግሥታት ተቀያየሩ፤ ወተቱ ቀጠለ። ዛሬ ያ 120 ወደ 6 እና 7 ወርዷል። ድሀ አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ማድረጓ የሚደነቅ ነው፤ ደግሜም እደነቃለሁ።

እማማ የወተቱን ቆርቆሮ ያስታውሳሉ። የሚዛኑን ቅርጫትም ያስታውሳሉ፤ የበኩር ልጃቸው ሲመዘን ነርሷ «ጨመረ!» ስትል እናቶቹ ሁሉ ያጨበጭቡ እንደነበር ነገሩኝ። «ያኔ ሕፃን ወፈረ ማለት ዳነ ማለት ነው» አሉ። ቀጥለው ያሉትን በማስታወሻዬ እንዳለ ጽፌዋለሁ፦ «አሁን የልጅ ልጄን ሐኪሟ ቀንሺ ትላታለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጉበቷ ላይ ስብ ተገኘ።»

በ2016 እና 2017 በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአራት አዋቂ ቺሊያውያን የሦስቱ ያህል ክብደት ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። የትምህርት ቤት ምገባውን የሚመራው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ተማሪዎችን ይመዝናል፤ እዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ከልክ ያለፈ ክብደት አላቸው። ሚዛኑ ያው ነው፣ ጤና ጣቢያውም ያው ነው፤ ችግሩ ግን ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግሯል።

ይህ የሆነው ቺሊያውያን በድንገት ሆዳሞች ስለሆኑ ነው የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር አልስማማም። የአንድ ሕዝብ ፈቃደ ልቦና በሠላሳ ዓመት ውስጥ አይደክምም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተቀየረው በየማእዘኑ የሚሸጠው ነገር፣ ዋጋው፣ ማስታወቂያው፣ የሥራው ዓይነት፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው ሰዓት ነው። ገቢ ሲጨምር ቀድሞ ወደ ድሀ ቤት የገባው ርካሹ ካሎሪ ነው፤ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ቋሊማ። ውፍረትን የግለሰብ ኃጢአት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ሐኪሞች ናቸው፣ ይህን ታሪክ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ስለ ሕጉ ልግባ። ቁጥሩ 20,606 ነው። ረቂቁ ምክር ቤት የቀረበው በ2007 ሲሆን ዋና አቀንቃኙ ጊዶ ጂራርዲ የተባለ ሴናተር ነበር፤ እሱም ሐኪም ነው። የምግብ ኩባንያዎቹ የዋዛ ተከራካሪዎች አልነበሩም። ሕጉ የግል ነፃነትን ይነካል፣ ሥራ ያሳጣል፣ ሰውን ማስተማር እንጂ ማስፈራራት አይገባም ሲሉ ተሟገቱ። ከአምስት ዓመት ክርክር በኋላ በ2012 ጸደቀ። መመሪያው ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በሰኔ 2016 ነው። በዚያን ጊዜ አገሪቱን የምትመራው ሚሼል ባቸሌት ነበረች፤ ሙያዋ የሕፃናት ሕክምና ነው። በዚህ አገር ውስጥ ሐኪም ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያመጣ ደጋግሜ አየሁ።

ሕጉ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ያዘ፤ ጉልበቱም እዚህ ላይ ነው። ማኅተሙን አስገደደ። ማኅተም ያለበት ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። ማኅተም ያለበትን ነገር ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስተዋወቅንም ከለከለ፤ ነብሩ የሄደው፣ ውስጡ አሻንጉሊት ያለበት የቸኮሌት እንቁላልም ከገበያ የወጣው በዚህ ነው። በ2018 ተጨማሪ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ እነዚህ ምርቶች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቁ ተደረገ። ከዚያ በፊት፣ በ2014፣ የለስላሳ መጠጥ ግብር ተስተካክሎ ነበር፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ6.25 ግራም በላይ ስኳር ያለበት 18 ከመቶ ይከፍላል፣ ከዚያ በታች ያለው 10 ከመቶ።

ልኩ እንዴት እንደተወሰነ ማየት ደግሞ ለፖሊሲ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። በአንድ ሌሊት አላጠበቁትም። በ2016 ስኳር የተጨመረበት አንድ ጠጣር ምግብ በ100 ግራም ውስጥ ከ22.5 ግራም በላይ ስኳር ካለው ማኅተም ይለጠፍበት ነበር። በ2018 ይህ ወደ 15 ወረደ፤ በ2019 ደግሞ ወደ 10። ሶዲየሙም በ100 ግራም ከ800 ሚሊ ግራም ተነሥቶ 500፣ ከዚያ 400 ሆነ። ኩባንያው የሚቀጥለው ደረጃ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጊዜ አለው፤ ማምለጫ ግን የለውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀመራቸውን ቀየሩ። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የቺሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩ ቢያንስ አንድ ማኅተም የሚገባቸው ምርቶች ድርሻ ከ51 ከመቶ ወደ 44 ከመቶ ወርዶ ነበር። ይህ ማለት ማኅተም አይቶ የማያውቅ፣ ስለ ጤና ግድ የሌለው ሰው እንኳ እርጎ ሲገዛ ሳያውቀው ያነሰ ስኳር በላ ማለት ነው። የሕዝብ ጤና ሥራ ጥሩ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ያላወቀውንም ይደርስለታል።

የእማማ የልጅ ልጅ የምትማርበትን ትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ላይ አየሁት። ግቢው ጥግ ኪዮስክ አለ። የሚሸጠውን ቆሜ ዘረዘርኩ፦ የተቆረጠ ሐብሐብ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዶሮና ሰላጣ የገባበት ዳቦ፣ ውሃ፣ ስኳር የሌለበት እርጎ። ቺፕስ የለም፣ ለስላሳ የለም። ኪዮስኩን የሚሠሩት ሰው ሕጉ የመጣ ሰሞን ሊዘጉ አስበው እንደነበር ነገሩኝ። ልጆቹ ከአጥር ውጭ ካለ ሱቅ ቺፕስ እየገዙ ይገቡ ነበር፤ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት ያጡትን በሐብሐቡ መልሰውታል። ለእኔ ይበልጥ የገረመኝ ልጆቹ ነገሩን እንደራሳቸው ጉዳይ ማየታቸው ነው። ተመራማሪዎች እናቶችን ሲያነጋግሩ በተደጋጋሚ የሰሙት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው «ይሄን አትቋጥሪልኝ፣ ማኅተም አለበት» ማለታቸውን ነው። የቤት ውስጥ ሥልጣን ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ማየት ለሐበሻ ትንሽ ያስደነግጣል፤ ደስም ይላል።

ከማኅተሙ ውጭ ያለውን ሳንቲያጎ ማየት ግን የግድ ነው፤ ማኅተም የሚታተመው የታሸገ ነገር ላይ ብቻ ነውና።

ሳንቲያጎን የጠቀማት የሚመስለኝ ሌላው ነገር ፌሪያ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በየሰፈሩ መንገድ ተዘግቶ የሚቆም የአትክልት ገበያ ነው፤ ሻጮቹ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አላቸው፤ ቦታቸው ይታወቃል፤ ማታ መንገዱ ይጠረጋል። የአገሪቱ ሕዝብ ከሚገዛው አትክልትና ፍራፍሬ የሚበልጠው በዚህ በኩል ያልፋል። ከእማማ ጋር ባለ ሁለት ጎማ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተትን ሄድን። ሻጮቹ በዜማ ይጣራሉ፤ ደንበኛን «የቤቴ ንግሥት» እያሉ ያባብላሉ። ቲማቲሙ፣ ዱባው፣ ስፒናቹ፣ ከባቄላው ጋር የሚቀቀለው በቆሎ ተከምሯል። ገበያው ሊያበቃ ሲል ዋጋው ይወድቃል፤ አሮጊቶቹ ያን ሰዓት ያውቁታል። እዚያ ቆሜ ጉሊቶቻችንን አሰብኩ። ሾላ ገበያና በየሠፈሩ ማእዘን ጎመንና ቃሪያ መደብ ላይ ዘርግተው የሚቀመጡት እናቶች ለከተማችን ጤና የሚሠሩት ሥራ ምንም ደሞዝ የማይከፈልበት ነው። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ ከሆኑ፣ በቦታቸው የሚገባው ብስኩት የሚሸጥ ሱቅ ነው። ቺሊዎች ለጉሊት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ሰጥተው ከተማ ውስጥ አኖሩት።

ደቡብ ሳንቲያጎ ወዳለው ላ ፒንታና የሄድኩት ከአንዲት ነርስ ጋር ነው። ሜትሮው እዚያ አይደርስም፤ አውቶቡስ ይዘን ረጅም መንገድ ተጓዝን። በተነሣንበት በኩል፣ በምሥራቅ፣ እንደ ቪታኩራ ባሉ የሀብታም ሰፈሮች መናፈሻው ለምለም ነው፤ ሰው በጠዋት ይሮጣል፤ ሐይቁ ላይ ዳክዬ ይዋኛል። ላ ፒንታና ስንገባ ዛፉ እየሳሳ ሄደ፤ ቤቶቹ ዝቅ አሉ፤ አቧራው ጨመረ። የኳስ ሜዳ አለ፤ ሣር የለውም፤ በቀትር ማንም አልነበረበትም። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ በዘይት በርሜል ላይ በጋለ መጥበሻ ሶፓይፒያ የሚጠበስበት ጋሪ ቆሟል። ሶፓይፒያ በዱባና በዱቄት የሚሠራ ክብ ጥብስ ሊጥ ነው፤ ሰናፍጭ ወይም የቃሪያ ድልህ ይደረግበታል። ይጣፍጣል። የሚሸጠው በሳንቲም ነው፤ ማኅተም የለበትም፤ ሠራተኛው በሌሊት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሊያጸዳና ሕፃን ሊጠብቅ ሲሄድ ቁርሱ እሱ ነው።

ነርሷ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርታለች። ጥያቄዬ የዋህ ነበር፤ እናቶቹ ስለ ምግብ ያውቃሉ ወይ አልኳት። «ከእኔ በላይ ያውቃሉ» አለችኝ። እናትየው ከቤት የምትወጣው ልጆቹ ሳይነሡ ነው። ለሥራ ሄዳ ለመመለስ ብቻ በቀን ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ታሳልፋለች። ስትመለስ መሽቷል፤ ባቄላ ለመቀቀል ጊዜ የለም፤ ዳቦ፣ ሻይ፣ የተቀቀለ ቋሊማ ይቀርባል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው በር ተቆልፎባቸው ስልክና ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ፤ መንገዱ ላይ ጥይት ይሰማልና። «እኔ ለዚህች ሴት በቀን ሠላሳ ደቂቃ ተራመጂ፣ ልጆችሽንም አስኪጂ የሚል ወረቀት እሰጣታለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «የት ትራመድ?»

የማኅተሙን ሕግ ከልቤ የምደግፍ ሰው ብሆንም፣ ይህን ጥያቄ ሳልጽፍ ባልፍ አባይ እሆን ነበር። እውነቱ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላም የቺሊ ልጆች ክብደት ብዙም አልወረደም፤ በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይባሱኑ ጨመረ። ሕጉ ያደረገው የሚለካ ሥራ አለ። ማኅተም የተለጠፈባቸው ጣፋጭ መጠጦች ግዢ በመጀመሪያው ዓመት ተኩል በ24 ከመቶ ያህል ወርዷል፤ ከልጆች ፊት ማስታወቂያው ቀንሷል፤ ኢንዱስትሪው ስኳርና ጨው ቀንሷል። ያላደረገውም አለ። ስኳር ሲቀነስ በብዙ መጠጦች በስቴቪያና በሱክራሎዝ ተተክቷል፤ የልጆች ምላስ ከጣፋጭ አልተላቀቀም። ዛፍም አልተከለም፣ አውቶቡሱንም አላፈጠነም፣ መንገዱንም ከጥይት አላጸዳም። በእሁድ ጠዋት በሳንቲያጎ አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለብስክሌትና ለእግረኛ ይለቀቃሉ፤ እኔም ብስክሌት ተከራይቼ ወጥቻለሁ፤ አያት ከልጅ ልጁ ጎን ሲነዳ ማየት ልብ ያሞቃል። ሆኖም ያን ቀን የነዳሁበት ጎዳና ከድሮውም ዛፍ ያለበት ነው።

አገሬን ሳስብ የሚያሳስበኝ ቺሊ በሰባት አሥርት ዓመታት ያለፈችበትን እኛ በአንድ ጊዜ እየኖርነው መሆኑ ነው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 30 ከመቶው ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ወይም በጣም የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በአገር ደረጃ የነበረው 8 ከመቶ ነው። ረሃቡ ገና ሳይወጣ ስኳርና ግፊት ገብቷል። በአንድ ቤት የቀነጨረ ልጅና የወፈረች እናት አብረው ይኖራሉ። በልጅነቱ ተርቦ ያደገ ሰውነት በጎልማሳነቱ ትርፍ ካሎሪ ሲያገኝ ለስኳር በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑም የታወቀ ነው። እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ይህን በራሳቸው አካል አይተውታል፤ ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም የማይገኝባቸው ነበሩ፤ ጥቂት ዓመት ኖረው ነጭ ዳቦውን፣ ዘይቱንና ለስላሳውን ሲለምዱ በሽታው በመካከላቸው ተስፋፋ። እስራኤልም ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየምና የሚረጋ ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት ታስለጥፋለች፤ ከቺሊ በኋላ ፔሩ፣ ሜክሲኮና አርጀንቲናም በጥቁር ምልክት ተከትለዋል።

እኛ ዘንድ ወፍራም ሰው ሲታይ «ተመችቶታል» ይባላል። የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድ የታሸገ ጁስ እንይዛለን፤ ለልደት ለስላሳ በሣጥን እናስገባለን፤ ሕፃን መጥገቡ እንዲታይ ጉንጩ እንዲሞላ እንፈልጋለን። ይህን በንቀት አልናገረውም። የእማማ ጓደኞች ሚዛኑ ፊት ያጨበጨቡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረሃብን ያየ ሕዝብ ውፍረትን አይፈራም። ስለዚህ ሥራውን ሰው በመገሠጽ መጀመር አይቻልም፤ በጎ ልማዱን ከከበበው ነገር መጀመር ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ጤፉ አሁንም የብዙ ሰው የዕለት ምግብ ነው። ቺሊዎች ባቄላቸውን ወደ ማዕድ ለመመለስ የሚደክሙትን ያህል እኛ ሽሮን ለማቆየት መድከም አያስፈልገንም። ልጆቻችን ግን ከትምህርት ቤት በር ላይ የሚገዙት ቺፕስ፣ ቦምቦሊኖና ባለ ቀለም ጭማቂ ነው፤ የቺፕሱም ማሸጊያ ላይ ካርቱኑ እየሳቀ ነው።

መንገዱም በእጃችን ነው። በእኛ 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳና ለእግረኛ የተለቀቀበትን የመጀመሪያውን እሁድ አስታውሳለሁ፤ መስቀል አደባባይ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ነበር። ያን በየሰፈሩ፣ ሳር ቤትም፣ ኮልፌም፣ አቃቂም፣ በየሳምንቱ ማድረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲሶቹ ሰፋፊ የእግር መንገዶችም ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውስጥ ገብተው፣ ልጅ ብቻውን ተራምዶ ትምህርት ቤት የሚደርስባቸው ከሆኑ ከብዙ ክኒን ይሻላሉ። ላ ፒንታና ላይ ነርሷ የጠየቀችኝን ቀድመን መመለስ የምንችልበት ጊዜ ላይ ነን፤ ሰፈሮቹ ገና እየተሠሩ ነውና።

ከሳንቲያጎ ስነሣ አንድ የሕዝብ ጤና መምህር ስለ ሕጉ አካሄድ ሲያስረዱኝ አጠር አድርገው አንድ የጊዜ ስሌት ነገሩኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ረቂቁ የቀረበው በ2007፣ ማኅተሙ ካርቶን ላይ የወጣው በ2016። ዘጠኝ ዓመት። እኛ ዛሬ ብንጀምርና እንደ ቺሊ ብንፈጥን፣ በዚህ መስከረም አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ የመጀመሪያውን ማኅተም የምታየው ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ነው።